ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ልጅ ሲለካ

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው ዳገት በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለት ሰዓቱ ለእንግዳ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከገበያ ሲመለሱ እንግዳውን አልፈውት ይሄዳሉ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ ደግሞ ያልፉታል፤ በመጨረሻም ሰልችቷቸው ይተውታል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ የሰፈረ ነው። በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ተፈለፈለ የሚባለው ገዳም ደግሞ ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። ቀና ሲሉ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጉም ለብሶ ይታያል። ከገደሉ ሥር የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ በድንጋይ የተሠሩ ክብ ቤቶች አሉ። ለቆላ ሰው አየሩ አይበቃም፤ እዚያ ለተወለደ ልጅ ግን በቂ ይመስላል።

በዚህ ከፍታ ያለች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወደ ጤና ኬላ ስትወርድ የሚሆነው ሁሌም ተመሳሳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን ከወራጁ ላይ በተንጠለጠለው ሚዛን ታንጠለጥለዋለች። ልጁ ይጮኻል፣ ይራገጣል፤ እሷ የሚዛኑ መርፌ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ቀጥላ የግራ ክንዱን ይዛ፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል ባለ ሦስት ቀለሙን ጥብጣብ ታዞርበታለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ።

«እኅቴ፣ ደኅና ነው?»

«አረንጓዴ ላይ ነው። ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እናትየው ልጇን መልሳ ታዝለዋለች። የእሷ ጥያቄ ተመልሷል። ያው ጥያቄ ግን በሌላ በኩል፣ በአዲስ አበባ፣ በጄኔቫና በኒው ዮርክ ጠረጴዛዎች ላይም ይጠየቃል፦ የኢትዮጵያ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ? ከኬንያ ልጆች ሲነጻጸሩ እንዴት ናቸው? ከኔፓል፣ ከፔሩ፣ ከኖርዌይስ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጥብጣብ ከማዞር በጣም የራቀ ነገር ነው፤ በመንገዱም ላይ አሸተን የመሰለ ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አገሮች የሚነጻጸሩበት ቁጥር በዋናነት ከጤና ኬላው መዝገብ አይመጣም። የሚመጣው ቤት ለቤት ከሚደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ነው፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ዲኤችኤስ ይሉታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉው ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አጠር ያለው ተደርጓል። (እኛው ዘመን የምንቆጥርበትን ዓ.ም. ብዬ፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. ብዬ እለየዋለሁ።) በ2008ቱ ጥናት ከመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ተመርጠው፣ ከ16 ሺህ በላይ ቤተሰብ ተጠይቋል። ቡድኑ የሚዞረው የቁመት መለኪያ ሰሌዳ፣ ሚዛን፣ መጠይቅና የደም መመርመሪያ ይዞ ነው። ዕጣው ላሊበላ ያለችበትን የላስታን ተራራ ከነካ፣ መሣሪያው በበቅሎ ወይም በሰው ጫንቃ ይወጣል።

ከሚወሰደው ነገር አንዱ የደም ጠብታ ነው። ከልጁ ጣት፣ ጨቅላ ከሆነም ከተረከዙ ተወግቶ የወጣው ጠብታ፣ ሄሞኪው በምትባል በእጅ በምትያዝ መሣሪያ ውስጥ ይገባና ወዲያው ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ይናገራል። በ2008ቱ ጥናት ስሌት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ድንበሩ 11 ግራም ነበር። ከዚያ በታች የወረደ ልጅ የደም ማነስ አለበት ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ተራራ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቅናሽ ይገባል። ሰውነት የኦክስጅን እጥረትን ለማካካስ ሄሞግሎቢን ያበዛል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው የተለካው ቁጥር በዚያ ጥናት እንደ ከፍታው እየተቀነሰ ይጻፍ ነበር። 3,000 ሜትር ላይ ቅናሹ 2 ግራም ያህል ነበር። 12.5 ግራም ያለው ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢለካ ጤነኛ ነው። ያው ልጅ፣ በዚያው ደሙ፣ አሸተን ሥር ሲለካ 10.5 ተብሎ ይጻፋል፤ የደም ማነስ ካለባቸው ጋርም ይደመራል።

ቅናሹ የወጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ አህጉራት በተገኘ መረጃ ነው። ለአንዲስ ሰው እውነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ ነዋሪ ደሙ ወፍራም ነው። የኛ ደጋ ሰው ግን ያንን መንገድ የተከተለ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባለው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት የተደረገው ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ በምትባል መንደር፣ 3,530 ሜትር ላይ ነው። 236 ነዋሪዎች ተመርምረው፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆነ። ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው የማይለይ ቁጥር ነው። በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌትም ከ95 በመቶ በላይ ነበር፤ ይህም ቆላ ላይ ከሚጠበቀው ብዙ አይርቅም። የአንዲስ ሰው ደሙን አወፍሮ፣ የቲቤት ሰው በሌላ መንገድ የተቋቋሙትን ከፍታ፣ የሰሜን ሰው በራሱ በሦስተኛ መንገድ ተቋቁሞታል ማለት ነው።

ቆየት ብለው የወጡ ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ አወሳሰቡት። ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው የአሰፋፈር ታሪክ ነው፤ ሰሜኖቹ ከፍታው ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል፣ ባሌዎቹ የወጡት ግን ባለፉት 500 ዓመታት ነው። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ለሁለቱ ተራሮች እንኳ አንድ ቅናሽ አልበቃም።

የአምባራሱ ጥናት የአዋቂ ነው፤ በሕፃናት ላይ የተደረገ አይደለም። አምባራስም ላስታ አይደለም። ሆኖም ጥያቄው አይቀርም፦ ሰውነቱ ሄሞግሎቢን ካላበዛ፣ ያላበዛውን ለምን እንቀንስበታለን? በ2008ቱ ጥናት ከኢትዮጵያ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ አለባቸው ተባለ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከደም ሥር በተቀዳ ደም ያደረገው የማይክሮ ኒውትረንት ጥናት ደግሞ አንድ ሦስተኛ ገደማ አገኘ። የልዩነቱ ምክንያት ከፍታ ብቻ አይደለም፤ የደሙ አወሳሰድም ይለያያል። ያም ሆኖ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚሊዮኖች ልጆች ልዩነት አለ። በዓለም ሠንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ በላይ ወይም በታች የምትቀመጠው፣ የአይረን መድኃኒትም በዚያ ልክ የሚታቀደው፣ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 የከፍታ ቅናሹን ሠንጠረዥ በአዲስ መልክ አውጥቷል፤ ግን አሁንም ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ነው።

የቁመት ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ለእኔ ደግሞ ከደሙ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

«ያበሻ ልጅ በተፈጥሮው ቀጭንና አጭር ነው» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜም የሚናገረው የተማረው ነው። ይህን አባባል ያፈረሰው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 ያደረገው የስድስት አገር ጥናት ነው። በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከ8,000 በላይ ልጆች ተመረጡ። መስፈርቱ እናት ልጇን የምታጠባ፣ የማታጨስ፣ ቤተሰቡም ልጅ በደንብ ለማደግ የሚያስፈልገውን የማያጣ መሆኑ ነበር። የአክራ ልጅ፣ የደልሂ ልጅና የኦስሎ ልጅ እስከ 5 ዓመት ድረስ ቁመታቸው እኩል ሄደ ለማለት ይቻላል። ዛሬ ዓለም የሚለካበት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ከዚህ ጥናት ነው። ከእኩዮቹ መካከለኛ ቁመት በሁለት የልኬት ነጥብ፣ ባለሙያዎቹ ዜድ ስኮር በሚሉት፣ የወረደ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል።

በዚህ ሜትር ሲለካ፣ በ1992 ከኢትዮጵያ ልጆች 58 በመቶ ቀንጭረው ነበር። በ1997 51፣ በ2003 44፣ በ2008 38፣ በ2011 37 በመቶ ሆነ። በዚያው ዘመን ከአንድ ሺህ ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ166 ወደ 59 ወርደዋል። ዘር በሃያ ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮ ነው። ከክልል ክልል ያለው ልዩነትም ያንኑ ይላል። በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ የቀነጨሩት ልጆች 15 በመቶ ሲሆኑ አማራ ክልል ውስጥ 46 በመቶ ነበሩ፤ በአገሪቱ ከፍተኛው ቁጥር። ክልሉ ደግሞ ጎጃምን የመሰለ የእህል ጎተራ ያለበት ነው። ጎተራ ሞልቶ ልጅ እንደሚቀነጭር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከስድስቱ አገሮች ምርጫ ውስጥ ግን አንድ ነገር ላስታን ይመለከታል። ጥናቱ የተደረገባቸው ከተሞች ሁሉ ከ1,500 ሜትር በታች ናቸው፤ መስፈርቱ ራሱ እንዲህ ይል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምግብና ሥነ ምግብ ተመራማሪው ቃለአብ ባዬ እና የጥናት ባልደረባው ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ። ከ59 አገሮች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መረጃ ሰብስበው፣ ድህነቱን፣ የእናትን ትምህርትና ሌላውን ሁሉ በስሌት ለይተው ሲያዩት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የልጁ ቁመት በ0.16 ነጥብ ገደማ ይቀንሳል። ሁሉ በተሟላበት ቤት የሚያድጉት ልጆች እንኳ ከፍ ባለ ቦታ ከመስፈርቱ ዝቅ ይላሉ።

አሸተን ላይ ሲሰላ ግማሽ ነጥብ ያህል ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት መሥራት ይቻላል። አንዱ ግማሹን ነጥብ እንደሌለ መቁጠር ነው። ያኔ የደጋ እናት በማታውቀው ነገር ትወቀሳለች፤ የምግብ ፕሮግራሙም ውጤት አላመጣም ይባላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ «ተራራው ነው እንግዲህ» ብሎ እጅ ማጣጠፍ። ተራራው ግማሽ ነጥብ ይወስዳል። የቀረውን የሚወስደው ጉድጓድ ውኃ፣ ተቅማጥ፣ ገብስና ሽሮ ብቻ ያለበት ገበታ፣ ተራራው ላይ በእርግዝናዋ ዘመን እንጨት ስትሸከም የምትውል እናት ድካም ነው። ተመራማሪዎቹም ያሉት ሜትሩ ይጣል አይደለም፤ ከፍታው እርግዝናንና የልጅን የመጀመሪያ ዓመታት እንዴት እንደሚጎዳ ተለይቶ መላ ይፈለግለት ነው። የዝቅታው ግማሽ ነጥብ ለደጋው ልጅ ተጨማሪ እንቁላል ሊያስገኝለት የሚገባ እንጂ ከዝርዝሩ ሊያስወጣው የሚገባ አይደለም።

ሰሌዳውም ሚዛኑም በትክክል ሠሩ እንበል። አሁንም ዕድሜው ይቀራል። ቁመት ለዕድሜ ነው የሚነጻጸረው፤ ዕድሜው ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

ጠያቂዋ መጠይቋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። «ልጁ መቼ ተወለደ፣ እኅቴ?»

«በልጉ የቀረብን ዓመት ነው።»

«በልግ የቀረበት ስንት ዓመት አለ እኮ!»

ሁለቱም ይስቃሉ። ባልየው ከደጅ ሆኖ «ገና ማግሥት ነው፣ እንግዳ ሞልቶ የነበረ ጊዜ» ይላል። አያትየው ደግሞ አይደለም፣ መስቀል አካባቢ ነው፣ ደመራው ሲለኮስ ምጥ ላይ ነበረች ትላለች። ከመስቀል እስከ ገና ሦስት ወር ነው። ልጁ ቆሞ ሲለካ 82 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ገና ላይ ከተወለደ ዛሬ 24 ወሩ ነው፤ የ24 ወር ወንድ ልጅ ድንበር 81 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አልቀነጨረም። መስቀል ላይ ከተወለደ 27 ወሩ ነው፤ ድንበሩ 83.1 ይሆንና ቀንጭሯል። አያትና አባት ደጃፍ ላይ የሚከራከሩት፣ ሳያውቁት፣ ኢትዮጵያ ከዓለም ስንተኛ እንደሆነች ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ላስታ ውስጥ የሚያድነው የክርስትናው ቀን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ቀኑን ደግሞ ከነታቦቱ የሚረሳ የለም። «ጥር በዓለ ወልድ ዕለት ነው ክርስትና ያነሣነው» ከተባለ፣ ጠያቂዋ ከጥር 29 ወደ ኋላ 40 ቀን ቆጥራ ታኅሣሥ 20 ላይ ትደርሳለች፤ የታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት። ለሴት ልጅ 80 መቁጠር እንዳለባት የማታውቅ ጠያቂ ግን በአንድ ጊዜ 40 ቀን ታሳስታለች። የጥናት አሠልጣኞች በየአካባቢው የበዓልና የድርጊት መቁጠሪያ የሚያሠሩት ለዚህ ነው። መጠይቁ ላይ የሚሞላው በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው፤ ወደ ውጭው የሚለወጠው ኋላ ነው። 13 ወር ያላት አገር 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ስሌት ውስጥ ስትገባ መጠንቀቅ ያሻል።

ብዙው ዓለም ይህን ጣጣ የሚያውቀው እምብዛም አይደለም፤ የልደት ወረቀት አለውና። እኛ ዘንድ በ2008ቱ ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዓለም በጣም ዝቅተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው።

ስለ ምግብም የሚጠየቅ አለ፦ ልጁ ትናንት ቀንና ሌሊት ምን በላ? በ2008 ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች በበቂ ዓይነትና በበቂ ጊዜ የተመገቡት 7 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያስደነግጣል፤ እውነትም አስደንጋጭ ነው። ግን የቀን መቁጠሪያ ላውጣ። የዚያ ዓመት ጥናት የተካሄደው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ ዐቢይ ጾም መካከሉ ላይ ገብቶበታል። የ2011ዱም የተጀመረው በጾሙ ውስጥ፣ መጋቢት ላይ ነው። «ትናንት» የተባለው ቀን በብዙ ቤት እንቁላልና ወተት ያልነበረበት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አትልም። አሸተን ላይ ካህን ቢጠየቅ «ሕፃን ምን ጾም አለው፣ ልጄ» ብሎ ይገረማል። እናት ግን የቅቤ ድስት ከጾም ድስት እንዳይነካካ ብላ ለልጁም የጾሙን ታበላዋለች። ላንድ ልጅ ለብቻ እሳት የማንደድ ጣጣም አለ። ይህ ሁሉ ከናይሮቢ ወይም ከካትማንዱ ጋር ስንነጻጸር በሠንጠረዡ ላይ አይታይም።

እንግዲህ እነዚህ ቁጥሮች ተሰብስበው ነው አንድ ድምር የሚሆኑት፤ ድምሩም እንደ ደማሪው ነው። የዓለም ባንክ የሰው ሀብት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኢትዮጵያ 0.38 ሰጣት፦ ዛሬ የተወለደ ልጅ ሙሉ ጤናና ሙሉ ትምህርት ቢያገኝ ሊያፈራው ይችል ከነበረው 38 በመቶውን ያፈራል ማለት ነው። ባንክ ነውና ልጅን የሚያየው እንደ ወደፊት ሠራተኛ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በጋራ ያወጡት የሕፃናት ድህነት ጥናት ደግሞ ዘጠኝ ነገሮችን ይዞ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የጎደለበትን ልጅ ድሃ አለ። ከ41 ሚሊዮን ልጆች 36 ሚሊዮኑ ድሃ ሆኑ፣ 88 በመቶ። አዲስ አበባ 18፣ አማራ ክልል 91። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከአሥሩ ልጅ ዘጠኙ ድሃ በሆነበት ክልል፣ ምንጭ ውኃ ደጇ ያለች መንደርና ሁለት ሰዓት ተጉዛ የምትቀዳ መንደር አንድ ስም ይዘው ይቀራሉ። ለዓለም ሠንጠረዥ ይበቃል፣ ለወረዳው በጀት ግን አይበቃም። አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ሕፃናት ፖሊሲ ፎረም በበኩሉ የሚመዝነው መንግሥታትን እንጂ ልጆችን አይደለም፦ ሕግ አወጡ ወይ፣ በጀት መደቡ ወይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ሞሪሺየስ አንደኛ ወጣች።

ሀብታሞቹም የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፤ እኛ አንገባበትም። የዩኒሴፍ ኢኖቼንቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 21 አገሮችን ሲያወዳድር ኔዘርላንድስ ቀዳሚ፣ ብሪታኒያ መጨረሻ ሆኑ፤ ለንደን ላይም ብዙ ጫጫታ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2020ው ዙር ጃፓን በአካል ጤና አንደኛ ወጥታ በአእምሮ ደኅንነት ከመጨረሻዎቹ ሆነች። በዚያው ዓመት የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን 180 አገሮችን ሲደረድር ደቡብ ኮሪያን ሁለተኛ አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ግን፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ15 አገሮች ከ50 ሺህ በላይ ልጆች ራሳቸው ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ፣ በሕይወታቸው ከሁሉ ያነሰ እርካታ የተናገሩት የኮሪያ ልጆች ነበሩ። አዋቂ ሲለካ ሁለተኛ፣ ልጁ ሲጠየቅ መጨረሻ። ይህ ለኛ ሠንጠረዥ አውጪዎችም ትምህርት ሊሆን ይገባል።

ልጁን የጠየቀ ጥናት እኛ ዘንድ አለ። ያንግ ላይቭስ የሚባለው የኦክስፎርድ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12 ሺህ ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከትሏል፤ 3,000ው የኛ ናቸው፣ አማራ ክልልም አለበት። ልጁ ፊት ዘጠኝ ደረጃ ያለው መሰላል ሥዕል ይቀርባል፦ ከላይ ያለው ከሁሉ የተሻለው ኑሮ፣ ከታች ያለው የከፋው። አንተ የት ነህ? ከአራት ዓመት በኋላስ የት ትሆናለህ? መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የልጁ ነው።

ለአሸተንና ለላሊበላ ይህ መሰላል ራሱ አንዳንድ ልጅ ያመልጠዋል። ጥናቱ የሚሄደው ቤተሰብ ቆጥሮ ነው። በየደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ፣ ቆሎውን ለምኖ፣ ዳዊት እየደገመ የሚያድር የአብነት ተማሪ በየትኛውም ቤተሰብ ዝርዝር የለም። እናቱ ቤት ሲጠየቅ «ሄዷል» ይባላል፤ ያለበት ቦታ ቤት አይባልም። ቢቆጠርም በመደበኛ ትምህርት ስሌት አይገባም። ግዕዝ በቃሉ የሚያወርድ የ12 ዓመት ልጅ በዓለም ሠንጠረዥ ላይ ትምህርት ያላገኘ ነው። ኑሮው ደኅና ነው እያልኩ አይደለም፤ ብርዱ፣ እከኩ፣ ረኃቡ የታወቀ ነው። ግን ያልተቆጠረን ልጅ ደኅና ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም።

ደግሞ ጦርነቱ አለ። ላሊበላ በ2013 ክረምት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በሚደረገው ውጊያ ስትታመስ ቆይታለች። በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ ሲነገር ቆይቷል። ጎብኚ ስለቀረ በቅሎ አከራዩም፣ መስቀል ሻጩም፣ ከእነሱ ጋር የሚበላው ልጅም ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። እዚህ የጠቀስኳቸው የቁመትና የደም ቁጥሮች በሙሉ ከዚህ ሁሉ በፊት የተለኩ ናቸው። አማራ ክልል በ2008 46 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 41 በመቶ ቀንጭሯል ሲባል የምንሰማው ሌላ ዘመን ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አገር ከአገር የሚያነጻጽረው ሠንጠረዥ ለመሪዎች ማሳፈሪያ ይጠቅማል፣ ይደረግ። ቁም ነገሩ ግን ያው ቀበሌ ከራሱ ካቻምና ጋር ሲነጻጸር ነው። በ2007 ዓ.ም. ከላስታ አጠገብ ባለችው በሰቆጣ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2030 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች አንድም እንዳይቀነጭር ይላል። ያንን ለማወቅ የዓለም ደረጃ አያስፈልግም፤ የተወለደበት ቀን የታወቀ ልጅ፣ የተስተካከለ ሰሌዳና የከፍታውን ጣጣ የሚያውቅ ባለሙያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከ90 በላይ አገሮችን ሲለካ የኖረው የዲኤችኤስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘቡን ሲያቆምበት እንዳየነው፣ የሌላ ሰው ሜትር የሌላ ሰው ነው።

የልደት ምዝገባው ግን የኛው ነው፤ ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ መመዝገብ አለበት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ቤተሰብ፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ካህኑም አንድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ቀን ከ90ው በፊት ነው። የደብሩ ካህናት ከክርስትናው በኋላ «ወደ ቀበሌ እለፉ» ቢሉ፣ የቀበሌው የወሳኝ ኩነት ሠራተኛም በዚያ ቀን መዝገቡን ይዞ ቢገኝ፣ ማንም ብር ሳያወጣ የላስታ ልጅ ዕድሜ ይታወቃል። ይህን የምታነቡ የክርስትና አባቶችና እናቶችም ሕፃኑን ታቅፋችሁ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ በቀበሌው በኩል እለፉ።